ምዕራፍ 7፦ ግመሉ በየት ይለፍ?

ከአሳሌ የጨው ሜዳ ተነሥቶ፣ ሐመድ ኢላን አልፎ፣ በሳባ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ለውስጥ ወደ በራህሌ፣ ከበራህሌም ሽቅብ ወደ መቀሌ የሚወጣውን የግመል መንገድ ማን እንደቀየሰው የሚያውቅ የለም። ጨረታ አልወጣበትም፤ የመሠረት ድንጋይ አልተጣለለትም። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከተኛ ሜዳ ተነሥቶ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ እስከተቀመጠች ከተማ ድረስ ጭነት የሚያወጣ መስመር ግን በአጋጣሚ አይገኝም። ውኃ የት እንዳለ፣ የተጫነ ግመል ጉልበት የሚሰብረው ዳገት የትኛው እንደሆነ፣ ጎርፍ ሲመጣ በየት በኩል ማምለጥ እንደሚቻል ብዙ ትውልድ በእግሩ እየሞከረ፣ አንዳንዴም እየሞተ አጣርቶታል።

የጨው ንግዱ ራሱ ዕድሜው ረጅም ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ፣ የአክሱም ሰዎች ጨውና ብረት ጭነው፣ ከብትም ነድተው ወርቅ ሊለውጡ ወደ ሩቅ አገር ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገበያይ አይቷል፤ ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድም አስተውሏል። አሞሌ ገበያ ላይ ከብር ጋር እየተፎካከረ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘልቋል። ያ ሁሉ ጨው ከሜዳው የወጣው በእግር ነው፤ በሰው እግርና በግመል እግር።

ጉዞውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ስለ መንገድ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው በመንገዱ ላይ የሚደረገውን ነገር ነው። የአፋር ጨው ሠራተኞች ንጣፉን በዘንግ ፈንቅለው ያነሣሉ፤ ሌሎቹ እየጠረቡ አራት ማዕዘን ያስይዙታል። አርሆ የሚባሉት ከትግራይ ደጋ የሚወርዱ ጨው ጫኞች ግመሎቻቸውን አንዱን ከሌላው ኋላ አስረው ይሰለፋሉ። ሲወርዱ ድርቆሽ ይዘው ነው፤ ሲመለሱ እንስሶቹ የሚበሉትን በየማደሪያው እያስቀመጡ ያልፋሉ። ስንቃቸው ብርኩታ ነው፤ የጋለ ድንጋይ በሊጥ ተጠቅልሎ እሳት ዳር የሚበስለው ዳቦ። ፀሐይ ሳትከርር ይጓዛሉ፤ ስትከርር ጥላ ፈልገው ያርፋሉ። ስለዚህ መንገዱ መሄጃ ብቻ አይደለም፤ ጎተራም ማደሪያም ወጥ ቤትም ነው።

ባለፉት 15 ዓመታት ገደማ ከመቀሌ በኩል እስከ ሐመድ ኢላ የመኪና መንገድ ደረሰ። የጭነት መኪናው ገደሉን በሰዓታት ያልፈዋል፤ ግመሉ ቀናት ይፈጅበት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ግመሉ ጨውን ከሜዳው እስከ መንደሩ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው ይረከበዋል። ረጅሙ የአርሆ ጉዞ አጠረ፤ የቀረውንም በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በተነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። መንገዱ መሠራቱ ራሱ ጥፋት ነው የሚል ሰው፣ ምጥ የያዛት ሴት ከሐመድ ኢላ ተነሥታ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ምን ትከፍል እንደነበር አላሰበም ማለት ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ የመንገድ መረብ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ይህን የሚያህል ሥራ ማቃለል ነውር ነው። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አስፋልቱ የመጣው የእግሩን መንገድ አንሥቶ ነው ወይስ አጠገቡ? አንሥቶ ከሆነ እግረኛው አልጠፋም። ጨው የሚጭን ግመል ቢቀንስም ውኃ የምትቀዳ ልጅ፣ ፍየል የሚነዳ እረኛ፣ ገበያ የምትወርድ እናት አሉ። እነሱ አሁን የሚሄዱት በመኪናው መንገድ ዳር ነው፤ ያውም እንደ ሰርጎ ገብ።

መሐንዲሱ ለምን ዱካውን ይከተላል?

የመንገድ መሐንዲስ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራው ዳገቱ ለዘብ ያለ፣ አፈሩ የጸና፣ ወንዝ መሻገሪያው ጠባብ የሆነ መስመር መፈለግ ነው። እነዚህን ሦስቱን ያሟላ መስመር ሲፈልግ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሰውና ከብት ቀድመው ያገኙትን ነው። የሺህ ዓመት ጥናት በነጻ ተሰጥቶታል፤ ለምን አይወስደውም?

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚከፈለው በላዩ ላለው ነገር ነው፦ ለቤት፣ ለሰብል፣ ለዛፍ። በመተላለፊያ ላይ ደግሞ ማንም ቤት አይሠራም፤ ማሽላም አይዘራም። ባዶ ሆኖ መቆየቱ ነው ጥቅሙ። እንግዲህ ለዘመናት ሳይዘጋ የኖረው የእግር መንገድ በገማቹ ወረቀት ላይ «ባዶ መሬት» ሆኖ ይመዘገባል፤ መንገዱን የሚነጠቀው ሰው ካሳ የሚጠይቅበት ንብረት የለውም። የወል ይዞታ በሕግ ቢታወቅም ሲለካ የሚታሰበው ግጦሹ ነው፤ ወደ ግጦሹ የሚያደርሰውን ቀጭን መስመር በሄክታር መተመን አስቸጋሪ ነው። ግጦሹን ትቶ መግቢያውን መውሰድ ግን በሬን ትቶ ቀንበሩን እንደመውሰድ ቀላል ነገር አይደለም፤ መግቢያ የሌለው ግጦሽ የለም።

ሕገ መንግሥቱ ለአርብቶ አደሩ በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። አንድ ሕግ አዋቂ ይህን አንቀጽ ወደ መተላለፊያ ዘርግቶ ቢከራከር ደስ ይለኛል። የሚንቀሳቀስ ሕዝብ ይዞታው የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ሊሆን አይችልም። የአፋር ሴት ደቦይታዋን አፍርሳ፣ ሰሌኑንና የጎጆውን ዘንግ ግመል ላይ ጭና ስትነሣ፣ ከማደሪያ እስከ ማደሪያ ያለው መስመርም ቤቷ ነው።

ዳጉ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር

ስለ አፋር መንገድ ዳጉን፣ የአፋርን የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት፣ ሳያነሡ መጻፍ አይቻልም። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ይቆማሉ፤ ጊዜው ከፈቀደ ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ያየውንና የሰማውን በዝርዝር ይናገራል። ዝናብ የት ወረደ? ሣር የት በቀለ? ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ፣ የጠፋ ግመል ታየ ወይ? ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ወሬው ከማን እንደተሰማ፣ በዓይን የታየው የቱ እንደሆነ ይለያል፤ ውሸት ያወራ ሰው ስሙ ይበላሻል። ሁለቱ ሲለያዩ እያንዳንዱ የሌላውን ወሬ ይዞ ወደ መጣበት ተቃራኒ ይሄዳል። ለከብት አርቢ ይህ ጨዋታ አይደለም። ዝናብ የጣለበትን ሜዳ በሁለት ቀን ዘግይቶ የሰማ ሰው ፍየሎቹን ሊያጣ ይችላል።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው መንገዱ ላይ ሰው ከሰው ጋር በእግር ፍጥነት ሲገናኝ ብቻ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ያልፋል። ሾፌሩ መንገድ ዳር የቆመውን ሰው ፊት ለይቶ ሳያበቃ ኋላው ቀርቷል። የእግር መንገዱን አንሥቶ አስፋልት የሚተካ ፕሮጀክት እንግዲህ የትራንስፖርት መስመር ብቻ አይደለም የሚለውጠው፤ የዜና አውታርም ያፈርሳል። ስልክ ተተክቷል የሚል ይኖራል። ስልክ የምታውቀውን ሰው ያገናኝሃል፤ ዳጉ የማታውቀውን። ኔትወርክ ከከተማ ወጣ ሲል የሚሆነውን ደግሞ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሁሉ ያውቃል።

ፍጥነት ከወሬ በላይ ነፍስንም ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት አደጋው፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲጨምር 4.5 እጥፍ ይሆናል። አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ለሾፌሩ ነዳጅ መርገጫውን ትንሽ ጫን ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የዓለም ሚኒስትሮች እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 እንዳያልፍ የተስማሙት ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስት ያህሉ እግረኞች ናቸው። መኪና ያላቸው አይደሉም፤ መኪና የገጫቸው ናቸው።

ያልተቆጠረ ሰው

አንድ መንገድ ይስፋ፣ ይሠራ፣ አስፋልት ይልበስ ተብሎ ሲወሰን ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ዋና ቁጥር አማካይ ዕለታዊ የተሽከርካሪ ፍሰት ነው። ቆጣሪው መንገድ ዳር ተቀምጦ አውቶሞቢል፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ አይሱዙ፣ ተሳቢ እያለ ይለያል። 200 ሰው በእግር ቢያልፍ፣ 60 ግመል ቢያልፍ፣ ያ ዋና ቁጥር አይንቀሳቀስም። ከዚያ «በዚህ መስመር የትራፊክ ፍሰቱ ዝቅተኛ ነው፤ መንገዱ ሲሠራ ያድጋል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንደመሄድ ነው፤ ትልቁን ነገር ወስደህ ሳትታይ ማለፍ አትችልም፤ የሚያይህ ሰው አልተቆጠረም ካልተባለ በቀር።

ነገሩ በከተማም ያው ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ 54 በመቶው በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት፣ ቀሪው 15 በመቶ በግል መኪና እንደሆነ በከተማዋ የትራንስፖርት ጥናቶች በተደጋጋሚ ተጠቅሷል። ቦታው ግን በዚህ መጠን አልተከፋፈለም። የሰሜን አሜሪካ የከተማ ትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር ባወጣው ስሌት፣ 3 ሜትር ስፋት ያላት አንዲት መስመር ለመኪና ከተሰጠች በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው፣ ለብስክሌት ከሆነች 7,500፣ ለእግረኛ ከሆነች 9,000 ሰው ታሳልፋለች። የእግር መንገድን አንሥቶ የመኪና መንገድ መተካት «አቅም ማሳደግ» ነው የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ብረት አቅም ነው።

የባሕር ዳርና የሐዋሳ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ሁለቱም ሜዳማ ናቸው፤ ሁለቱም በብስክሌት ይታወቁ ነበር። ብስክሌቱን የሚከለክል ደንብ አልወጣም። ባጃጅ በዛ፣ መኪና በዛ፣ ዳሩ በጭነትና በአሸዋ ተያዘ፤ ብስክሌተኛው አንድ በአንድ ወረደ። መንገድ ሁልጊዜ በዶዘር አይወሰድም። አንዳንዴ ማንም ሳይወስን ይወሰዳል፤ እንዲህ ያለውን መቃወም ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው፤ አቤት የሚባልበት ፊርማ የለምና።

ሰመራ፦ መንገድ የወለዳት ከተማ

ሰመራ ከሌሎች ከተሞች በተቃራኒ ነው የተወለደችው። የአፋር ክልል መቀመጫ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከአሳይታ እንዲዛወር ሲታሰብ የተመረጠው ቦታ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ዋና መንገድ ዳር ነው። አጠገቧ ሎግያ አለች፤ የሾፌሮች ከተማ፣ ሻይዋም ምግቧም ማደሪያዋም በተሳቢ ሰዓት የሚሠራ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ከተነሣ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አሰብ ሲዘጋ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ጭነት አብዛኛው በዚህ በኩል ሆነ። አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን አልፎ ጋላፊ የሚደርሰው አስፋልት የኢትዮጵያ ጉሮሮ ነው። ቦቴው፣ ተሳቢው፣ ሲኖትራኩ ሌሊትና ቀን ያልፋል።

እንዲህ ባለች ከተማ የእግር መንገድ ማለት ቅንጦት ይመስላል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ያልፋል፤ የአስፋልቱ ገጽ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። «በዚህ ሐሩር ማን በእግሩ ይሄዳል?» ይባላል። መልሱ ጠዋት በ12 ሰዓትና ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ወጣ ብሎ ማየት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ገበያተኛው ሁሉም መንገድ ላይ ነው። ሙቀት እግረኛን አያስቀረውም፤ ሰዓቱን ብቻ ያዛውረዋል። ሐሩሩ ከእግር መንገድ በላይ የጥላ መከራከሪያ ነው፤ መኪና ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ አለው፣ ለእግረኛው ግን ዛፍ ካልተተከለለት ማንም ምንም አላደረገለትም። አሮጌው ዱካ ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛ የሚሆነው ከዛፍ ወደ ዛፍ ስለሚሄድ ነው። ቀያሹ ያቃናዋል፤ ዛፉን ያጣዋል።

የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ለአሸዋና ለጠጠር የተሠራ። የጋለ አስፋልት ያቃጥለዋል፤ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት ያንሸራትተዋል። እረኛው ታዲያ ለምን አስፋልት ላይ ይነዳል? እዚህ ላይ ደርጊ ሃራ ይገባል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በመካከለኛው አዋሽ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የተተከለው ይህ ባለ እሾህ ዛፍ፣ በሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፣ ከተተከለበት አምልጦ የአዋሽን ዳርቻ፣ ግጦሹንና የከብት መሄጃውን ውጦታል። እሾሁ ኮቴ ይወጋል፤ የብስክሌት ጎማም አይምርም። ወደ ወንዙ የሚወስደው ዱካ ሲዘጋ መንጋው ክፍት ወደ ሆነው ብቸኛ መስመር ይወጣል፤ ያ መስመር አስፋልቱ ነው። ከዚያ ተሳቢው ግመል ሲገጭ የሚወቀሰው እረኛው ነው፦ «ከብቱን መንገድ ላይ ለቆ።» ሾፌሩም ተበዳይ ነው፤ ሌሊት፣ መብራት በሌለበት፣ ጭነት ይዞ። ሁለቱን ያጋጨው መሄጃው ሲዘጋ ሌላ መሄጃ ሳይከፈት መቅረቱ ነው።

የተሳካላቸው ተቃዋሚዎች ምን አደረጉ?

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ሮበርት ሞሰስ የተባለው ኃያል ባለሥልጣን 5ኛ ጎዳናን አራዝሞ ዋሽንግተን አደባባይ በተባለው መናፈሻ መሐል ሊያሳልፈው አሰበ። ሰው ልጁን ይዞ የሚንሸራሸርበት፣ ተማሪ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። በ1952 ሸርሊ ሄይስ የተባለች የአራት ልጆች እናት ተቃውሞ አስተባበረች፤ በኋላ ስለ ከተሞች በጻፈችው የምትታወቀው ጄን ጄከብስም ገባችበት። የሄይስ ብልሃት አንድ ነበር፦ ለድርድር የቀረበላትን ጠበብ ያለ መንገድ አልተቀበለችም። ሰፊው ይቅር፣ ጠባቡ ይግባ ብትል ኖሮ ክርክሩ ስለ ሜትር ይሆን ነበር፤ በሜትር ክርክር ደግሞ መሐንዲስ አይሸነፍም። እሷ ግን ጭራሽ ለመኪና ይዘጋ አለች። በ1958 ለሙከራ ተዘጋ። ዙሪያው ይጨናነቃል ተብሎ የተፈራው ሳይሆን ቀረ። በዓመቱ ውሳኔው ጸና።

ኔዘርላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር ስትባል ሲፈጠሩ ጀምሮ እንዲህ የነበሩ ይመስላል። አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነሱም ለመኪና ሲሉ ሰፈር እያፈረሱ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ 3,300 ያህል ሰው በትራፊክ ሞተ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ልጁ ከሞተችበት ጋዜጠኛ ቪክ ላንገንሆፍ ጽሑፍ ርዕስ ስሙን የወሰደ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ንቅናቄ ተነሣ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ጎዳና ዘጉ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና ከለከለ፤ ሕዝቡም አውራ ጎዳናው ላይ ብስክሌት ነድቶ ሌላ ዓይነት ከተማ እንደሚቻል በዓይኑ አየ።

እኛም ጋ «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ልጆች መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ ኳስ ሲለጉ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ብሔራዊ ስትራቴጂ አወጣ። ከዚያም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች የተዳረሰው የኮሪደር ልማት ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ይዞ መጣ። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለው ስትራቴጂ የሚለካው አዲስ በሚሠራው ብቻ አይደለም። ቀድሞ የነበረውን፣ ማንም ያልሠራውን የእግር መንገድ ሳያጠፋ ሲቀር ነው። ንጣፍ የለበሰ የእግረኛ መንገድ ይመረቃል፤ ለዱካ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ለመቃወም ጊዜው መቼ ነው? ዶዘሩ ከቆመ በኋላ ከሆነ፣ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ አንቀጽ 92ም ይደግመዋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። ስብሰባው ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ልማት ትፈልጋላችሁ?» ነው፤ አልፈልግም የሚል ሰው የለም። የጎሳ መሪው፣ ወጣቱ፣ የገበያ ሴቶቹ ይዘው መግባት ያለባቸው የራሳቸውን ቆጠራ ነው፦ በገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ሰው፣ ስንት ግመል፣ ስንት ፍየል በዚያ መስመር አለፈ። ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ የሚወርደውን ሰው አንድ ቀን ቆጥሮ በወረቀት ያስቀመጠ ማኅበር፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው የተሽከርካሪ ቁጥር አጠገብ የሚቀመጥ ሌላ ቁጥር አለው። ሁለተኛው ጥያቄ የከብት መሻገሪያ ነው። ከአስፋልት ሥር የሚያሳልፍ ሰፊ ቱቦ ወይም ዝቅተኛ ድልድይ ለጎርፍ መውረጃ ከሚሠራው ጋር አብሮ ሲታሰብ ወጪው ትንሽ ነው፤ መንገዱ ካለቀ በኋላ ከታሰበ ግን «በጀት የለም» ይባላል።

አንድ ያልተነካ ዕድል ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ፣ አዋሽ ሰባት ከተማ ላይ ተኝቷል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው አሮጌው ባቡር፣ አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ከመመረቁ ዓመታት በፊት በዚህ በኩል ማለፉን አቁሟል። ሐዲዱ የተዘረጋበት መደብ ግን አለ፦ ዳገቱ የለዘበ፣ ከከተማው መሐል የሚነሣ፣ ሰውም ከብትም ከወዲሁ የሚሄድበት። ሐዲዱ ይነቀል አላልኩም፤ ቅርስ ነው፤ ከጎኑ መሄድ ይቻላል። በ1963 እ.ኤ.አ. ሜይ ዋትስ የተባለች የዕፅዋት መምህርት ለአንድ የቺካጎ ጋዜጣ በጻፈችው ደብዳቤ፣ የተተወ የባቡር መስመር ለእግረኛና ለብስክሌተኛ እንዲሰጥ ጠየቀች። ከዚያ ደብዳቤ የኢሊኖይ ፕሬሪ መንገድ ተወለደ፤ በመላው አሜሪካ ብዙ ተከታይ አፈራ። የአዋሽ መደብ ለእግረኛ የተመቸበት ምክንያት ሁሉ ለመኪና መንገድ ሠሪም ይመቻል፤ አንድ ቀን አንዱ ዓይኑን ይጥልበታል። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ሲከለስ መስመሩ በእግረኛና በብስክሌት መንገድነት ይመዝገብ የሚል ማመልከቻ መግባት ያለበት ከዚያ በፊት ነው፤ የዛፍ ተከላው ዝርዝርም አብሮት ቢያያዝ አይከፋም።